መዝሙርና የዛሬዪቱ ቀን

ለጥናቱ የሚነበቡ ክፍሎች፦ መዝሙር 117 (118)፤ ማቴዎስ 6፥25-34፤ ማቴዎስ 26፥26-30፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥16-34።



እሑድ ጧት ደወሉ ተደውሎ ምእመናን በየወንበሩ ሲቀመጡ ሁላችን በአንድ ቤት የተሰበሰብን እንመስላለን። ነገር ግን የልባችን መጋረጃ ቢገለጥ ብዙዎቻችን በዚያ ቤት እንደሌለን ይታይ ነበር። አንዱ ትናንት በወሰን ምክንያት ከጎረቤቱ የሰማውን ክፉ ቃል መላልሶ ያኝካል። ሌላው ሰኞ የሚከፍለውን ዕዳ ይቈጥራል። አንዲቱ እናት ዐምና በሞት የተለያትን ልጅ ታስባለች፤ ሌላዪቱ ባሕር ተሻግሮ ወሬው የጠፋውን። ሥጋችን በወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነፍሳችን ግን ወይ በትናንት ወይ በነገ ትዞራለች።

ወገኖቻችን «የነገን ማን ያውቃል?» ይላሉ። ይህንም እያሉ ስለ ነገ ሲገላበጡ ያድራሉ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ስለ ነገ መጨነቅን ከልክሎናል፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሸክም እንዳለውና ከዚያ በላይ መሸከም የእኛ ፈንታ እንዳልሆነ አስተምሮናል። ባስተማረንም ጸሎት የምንለምነው የዕለቱን እንጀራ ነው እንጂ የዓመቱን ጎተራ አይደለም። ትእዛዙን ሁላችን እናውቀዋለን። የሚያስቸግረን መፈጸሙ ነው፤ ሰው ራሱን «አትጨነቅ» ብሎ ስላዘዘ ጭንቀት አይለቀውምና።

እግዚአብሔር ይህን ድካማችንን ያውቃል። ስለዚህ ቃሉንና ቅዱሳት ምሥጢራቱን ሰጠን፤ ከቃሉም ጋር መዝሙርን ሰጠን። በዚህ ጥናት መዝሙር የባዘነችውን ነፍስ ወደ ዛሬ እንዴት እንደሚመልሳት፥ ደግሞም በምን ጊዜ ይህን ማድረግ እንደማይችል እንመረምራለን። የአውሮፓን ታሪክ የሚነኩት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ዜማ ተከማችቶ አይቀመጥም

ሠዓሊ የሣለው ሥዕል በግድግዳ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለመናው ይታያል። ግንበኛ የሠራው ቤት ሠሪው ተኝቶም ቢሆን ቆሞ ያድራል። ዜማ ግን እንዲህ አይደለም። ዜማ የሚኖረው በሚዜምበት ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛው ድምፅ ይሰማ ዘንድ ፊተኛው ማለፍ አለበት። ፊተኛውን ስለ ወደደው አልለቅም የሚል ዘማሪ መዝሙሩን ያበላሻል፤ ወደ መጨረሻው ለመድረስ የሚቸኵልም እንዲሁ ያበላሻል። በሚገባ የሚዘምር ሰው ያለፈውን ለቅቆ፥ የሚመጣውን ሳይነጥቅ፥ በተሰጠው ድምፅ ላይ ይቆማል።

በዘጸአት ምዕራፍ 16 የተጻፈውን የመና ነገር እናስታውስ። እስራኤል በምድረ በዳ በየጧቱ የዕለቱን ብቻ እንዲሰበስቡ ታዘዙ። ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብለው ያስቀሩት ሁሉ ተበላሸ። እግዚአብሔር ሕዝቡን ያስራበው አልነበረም፤ ነገን ከእጁ እንዲቀበሉ ያለማምዳቸው ነበር እንጂ። ዜማም በጆሮ እንደሚወርድ መና ነው። ለዛሬ የሚበቃው ዛሬ ይሰጣል፤ በጎተራ አይገባም፤ ነገም እንደ ገና መዘመር አለበት።

የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት በጻፈው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፥ በ11ኛው ክፍል፥ ስለ ጊዜ ምሥጢር ሲመራመር ምሳሌ አድርጎ የወሰደው በቃል የሚያውቁትን መዝሙር መድገምን ነው። እንደ እርሱ አስተያየት ሰው መዝሙሩን ሳይጀምር ተስፋው በመላው መዝሙር ላይ የተዘረጋ ነው። ከጀመረ በኋላ ግን የተባለው ሁሉ ወደ ትዝታ ይገባል፤ የቀረውም በተስፋ ይጠበቃል፤ የልቡ ማስተዋል ግን አሁን በሚወጣው ቃል ላይ ነው፤ በዚያም በኩል የሚመጣው ወደ አለፈው ይሻገራል። ይህ በአንድ መዝሙር የሚሆነው ነገር በሰው ዕድሜ ሁሉ እንደሚሆንም ይናገራል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር እንማራለን። በዛሬ መኖር ማለት ትናንትን መካድና ነገን መርሳት አይደለም። ትናንት የሌለው ዛሬ የእንስሳ ዛሬ ነው። በመዝሙር ውስጥ ያለፉት ድምፆች አልጠፉም፤ አሁን ለሚሰማው ድምፅ ትርጉም የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። የሚመጡትም ገና ሳይሰሙ ይጠበቃሉ። ነገር ግን የዘማሪው ጉሮሮ በአንድ ጊዜ ያለው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ክርስቲያንም እንዲሁ ነው፤ ከኋላው እግዚአብሔር ያደረገለትን ያስታውሳል፥ ከፊቱ የተስፋውን ቃል ይጠብቃል፥ በእጁ ግን የዛሬውን ሥራ ይይዛል። ትናንትና ነገ ነፍሳችንን የሚያስጨንቋት ቦታቸውን ለቅቀው የዛሬን ወንበር ሲይዙ ነው። መዝሙር ሁለቱንም በየቦታቸው ያስቀምጣቸዋል።

ሥጋችንም በዚህ ትምህርት ተካፋይ ነው። በነገ እስትንፋስ የሚዘምር ሰው የለም። የተጨነቀ ሰው ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ነው፤ የሚዘምር ሰው ግን ሐረጉን ለመፈጸም አየሩን በጥልቀት ስቦ ቀስ ብሎ ሊያወጣው ይገደዳል፤ ቀስ ያለ ትንፋሽም የልብን ትርታ ያሳርፋል። በ2013 በስዊድን አገር የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኅብረት የሚዘምሩ ወጣቶችን የልብ ትርታ በመሣሪያ ቢለኩ፥ አብረው ሲተነፍሱ የልባቸው ትርታ አብሮ ሲፈጥንና አብሮ ሲዘገይ አገኙ። ሐኪሞች ይህን በመሣሪያ አዩ፤ ጉባኤ ግን በአንድ ቃል በዘመረ ጊዜ ልብ ለልብ መቀራረቡን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

2. ጌታችን ዘምሮ ወጣ

ወንጌላውያን ማቴዎስና ማርቆስ በአጭር ቃል የነገሩን፥ እኛም ብዙ ጊዜ ፈጥነን የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ጌታችን በተሰጠባት ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ ጋር እራት ከበላ፥ እንጀራውንና ጽዋውንም ከሰጣቸው በኋላ፥ ወደ ደብረ ዘይት የወጡት መዝሙር ዘምረው ነው (ማቴ. 26፥30፤ ማር. 14፥26)።

አይሁድ በፋሲካ ማዕድ የሚዘምሯቸው መዝሙራት በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አቈጣጠር ከ112 እስከ 117፥ በዕብራይስጡ አቈጣጠር ከ113 እስከ 118 ያሉት ናቸው። ከእራት በኋላ የሚዘመረው የመጨረሻው ክፍል ስለሆነ፥ የመጽሐፍ ተርጓሚዎች ጌታችን በዚያች ሌሊት የዘመረው ይህን ነው ብለው ያስተምራሉ። እንግዲህ መዝሙር 117ን (118ን) አውጥተን በዚያ ማዕድ አጠገብ እንደ ተቀመጥን ሆነን እናንብበው። ግንበኞች ስለ ናቁት ድንጋይ የሚናገረው በዚያ ነው። ቀኒቱን የሠራ እግዚአብሔር እንደ ሆነና በእርስዋም ደስ ሊለን እንደሚገባ የሚመሰክረው 24ኛው ቁጥርም በዚያ ነው።

ይህ መዝሙር ከማን አፍ እንደ ወጣ ልብ እንበል። ጌታችን የሚቀጥሉት ሰዓታት ምን እንደ ያዙ ያውቅ ነበር። የይሁዳን መሳም፥ የጴጥሮስን ክህደት፥ የጲላጦስን አደባባይ፥ ጅራፉንና ምስማሩን ያውቅ ነበር። በጌቴሴማኒም ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ሊናገር ነው። ነገር ግን የጌቴሴማኒን ኀዘን ወደ ማዕዱ አላመጣውም፤ በማዕዱም ፍርሃት ይዞት መዝሙሩን አላሳጠረውም። በማዕድ ጊዜ ማዕድን ሰጠ፤ በመዝሙር ጊዜ ዘመረ፤ በጸሎት ጊዜ ወድቆ ጸለየ፤ በመከራ ጊዜ መከራን ተቀበለ። እያንዳንዱን ሰዓት ከአባቱ እጅ በየተራው ተቀበለ።

ዛሬን መቀበል የሚቻለን እርሱ አስቀድሞ ስለ ተቀበለልን ነው። የትናንት ኀጢአታችን በእርሱ መስቀል ላይ ተከፍሏል፤ ነጋችንም ከሙታን በተነሣው ጌታ እጅ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ «በዛሬ ኑር» የሚለው ምክር ዕዳ ላለበት ሰው «ዕዳህን አታስብ» እንደ ማለት ባዶ ቃል በሆነ ነበር። ዕዳው ተከፍሎለታልና ክርስቲያን መዘመር ይችላል።

3. እኩለ ሌሊት በወህኒ ቤት

በፊልጵስዩስ ከተማ ጳውሎስና ሲላስ በበትር ተደብድበው፥ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፥ በውስጠኛው ወህኒ ተጣሉ። ሉቃስ ሰዓቱን ነግሮናል፤ እኩለ ሌሊት ነበር። እኩለ ሌሊት በሁለት ቀኖች መካከል ያለ ሰዓት ነው። በስተኋላቸው የትናንት ግርፋት ነበረ፤ ቍስሉም ገና አልታጠበም። በስተፊታቸው የነገ ፍርድ ነበረ፤ ምን እንደሚሆንም አልተነገራቸውም። በዚያች ጠባብ ቦታ ጸለዩ፥ በዜማም እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ እስረኞቹም ያደምጡአቸው ነበር (16፥25)።

የነገሩን ቅደም ተከተል እናስተውል። የምድር መናወጥ የመጣው ከመዝሙሩ በኋላ ነው። እነርሱ በዘመሩ ጊዜ ደጁ ተዘግቶ፥ ሰንሰለቱም ታስሮ ነበር። ለመዘመር ደጁ እስኪከፈት አልጠበቁም፤ ደጁንም ለማስከፈት አልዘመሩም። ደጁ በተከፈተ ጊዜስ ሸሽተው አልወጡም፤ የወህኒ ጠባቂው ራሱን ሊገድል ሲል ጳውሎስ ሁላቸው በዚያው እንዳሉ ጮኾ ነገረው። በመዝሙር በዚያች ሰዓት የቆየ ሰው፥ በዚያች ሰዓት አጠገቡ ያለውን ሰው ለማየት ዐይን አገኘ። ሐሳቡ ሁሉ በማምለጥ ላይ የነበረ ሰው ግን የጠባቂውን ሰይፍ ባላየም ነበር።

በአገራችንም ይህ ነገር ታይቷል። ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ ምእመናን በየቤቱ መስኮት ዘግተው፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ደጁ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። የሚያውቁት ያን ምሽት ብቻ ነበር፤ በዚያም ምሽት ዘመሩ።

በአገልግሎታችን ካገኘናቸው ሰዎች አንዲት እናት ትዝ ይሉናል። ታናሹ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ በበረሃ በኩል ወደ ባሕር ከሄደ ሰባት ወር ሆኖት፥ ወሬው አልተሰማም ነበር። እኒህ እናት ቀድሞ በጉባኤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚታወቅ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በመዝሙር ጊዜ አፋቸውን ዘግተው ይቀመጡ ጀመር። ከሽማግሌዎች ጋር ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «ቄስ፥ ልጄ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ልዘምር? ብዘምር የረሳሁት ይመስለኛል» አሉን። ቃላቸው እውነተኛ ነበረና መልስ ልንሰጣቸው አልደፈርንም። «እማማ፥ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ እኛ በእርስዎ ፈንታ እንዘምር» ብለን በዝግታ ጀመርን። እርሳቸውም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያዳምጡ ነበር። በሦስተኛው አንጓ ላይ ድምፃቸው ከነጠላው ውስጥ ተሰማ። ያለቅሱም ነበር፥ ይዘምሩም ነበር።

በዚያን ቀን ወሬ አልመጣም። ነገር ግን መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ተነሥተው እሳት አያይዘው ቡና አፈሉልን፤ የልጃቸውንም ስም እየጠሩ ከእኛ ጋር ጸለዩ። ሰባት ወር ሙሉ ከልጃቸው ጋር በማያውቁት በረሃ ሲንከራተቱ ከርመው፥ በዚያች ሰዓት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ልጃቸውን አልረሱትም፤ ይልቁንም ለእርሱ መጸለይ የሚቻልበት ቦታ ዛሬ ብቻ መሆኑን አገኙ።

4. የአባቶች ምስክርነት

ዶክተር ማርቲን ሉተር ሉት የሚባለውን መሣሪያ የሚመታ፥ በዜማም የሠለጠነ ሰው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1524 በኑርንበርግ ከተማ ስምንት መዝሙሮች ብቻ ያሉበት ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፤ ከስምንቱም አራቱ የእርሱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ድካም የደከመው ሕዝቡ በማያውቀው ቋንቋ የሌላውን መዝሙር ከመስማት ወጥቶ፥ በራሱ አፍና በራሱ ቋንቋ እንዲዘምር ብሎ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 እንዳስተማረን መንፈስና አእምሮ አብረው ሲዘምሩ ሰው ሁለንተናው በአንድ ስፍራ ይገኛል። በእኛም አገር ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲደክም፥ ለወገኖቹ በቋንቋቸው መዝሙርንም ያዘጋጀው ስለዚህ ነው።

በ1530 የአውግስቡርግ ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ ሉተር በመንግሥት የተወገዘ ስለ ነበረ ወደ ጉባኤው መግባት አልቻለም። በኮቡርግ ግንብ ውስጥ ለወራት ተቀመጠ። ወዳጆቹ በሩቅ ስለ እምነት ይሟገቱ ነበር፤ እርሱ ግን በሩቅ ሆኖ የደብዳቤ መልእክተኛ ይጠብቅ ነበር። ሰውነቱ ታሞ ነበር፤ የአባቱንም ሞት የሰማው በዚያ ነው። ከዚያ ግንብ ሉድቪግ ዘንፍል ለተባለ የዜማ ሊቅ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም ከነገረ መለኮት ቀጥሎ ለተጨነቀች ነፍስ ዕረፍትንና ደስታን የሚሰጥ እንደ ሙዚቃ ያለ እንደሌለ፥ ዲያብሎስም ከዜማ ፊት እንደሚሸሽ መሰከረ። በሰላም ስለ መተኛት የሚናገረውን፥ ከመዝሙር 4 የተወሰደውን ዜማም እንዲልክለት ለመነው። የነገውን ጉባኤ ማዘዝ ያልቻለ ሰው የዚያን ሌሊት እንቅልፉን ለጌታ ሊሰጥ ፈለገ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጀርመንን ያጠፋ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ሆነ (1618-1648)። በዚያ ጊዜ ማርቲን ሪንካርት የሚባል ቄስ በአይለንቡርግ ከተማ ያገለግል ነበር። በ1637 ቸነፈር በከተማይቱ በገባ ጊዜ ከ4,000 የሚበልጡ ሙታንን ቀበረ፤ ከእነርሱም አንዲቱ የገዛ ሚስቱ ነበረች። ይህ ሰው በእነዚያው የጦርነት ዓመታት ያዘጋጀው የምስጋና መዝሙር እስከ ዛሬ በሉተራውያን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይዘመራል። የመዝሙሩም የመጀመሪያ ቃል በጀርመንኛ «አሁን» የሚል ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ፥ ቸነፈሩ ሲርቅ፥ ጎተራው ሲሞላ አላለም። «አሁን» አለ።

5. መርሳት አይደለም፥ መንቃት ነው

እንግዲህ መዝሙር ሁሉ ሰውን ወደ ዛሬ ይመልሳል ማለት ነውን? አይደለም። መዝሙር ሰውን ከዛሬ ሊያስኰበልለውም ይችላል። አንዳንድ ሰው ኀዘኑን ለመርሳት እንደ ጠጅ ይጠጣዋል፤ ስሜቱ ሲበርድ ኀዘኑ እንዳለ ይጠብቀዋል። አንዳንዱም የልጅነቱን ዜማ እየሰማ በትዝታ ይሰምጣል፤ በቤቱ ያሉት ልጆቹ ግን አባት የላቸውም።

ንጉሥ ሳኦልን እንመልከት። ዳዊት በገና ሲደረድርለት መንፈሱ ያርፍ ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። ነገር ግን ያው ሳኦል፥ ያው ዳዊት እየደረደረለት ሳለ፥ ጦሩን ወረወረበት (1ኛ ሳሙ. 18፥10-11)። ዜማው አልተለወጠም፤ የሳኦል ልብ ግን የወደፊቱን ዙፋን በሚፈራ ቅንዓት ተይዞ ነበር። ዜማ ጆሮን ያሳርፋል፤ ልብን የሚለውጥ ግን ቃሉና መንፈስ ቅዱስ ነው። አውግስጢኖስም በዚያው «ኑዛዜ» በ10ኛው ክፍል ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ልቡን በወሰደው ጊዜ እንደ በደለ ቈጥሮ እንደሚያዝን ጽፏል። ይሁን እንጂ መዝሙርን ከቤተ ክርስቲያን ማስወጣትን አልመረጠም።

አባቶቻችን ስለ ማኅሌታይ ያሬድ የሚተርኩት ታሪክ በዚህ ነገር ያስተምረናል። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ያሬድ፥ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች የደረሰ፥ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፥ ንጉሡ ከማድመጡ የተነሣ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ እንደ ተከለና መዝሙሩ እስኪያልቅ ሁለቱም እንዳላወቁ ይነገራል። ትረካው ማስተዋል ሁለንተናዋን በአንድ ነገር ላይ ስታኖር ምን ያህል ልትጸና እንደምትችል ያሳያል። ነገር ግን መዝሙሩ አልቆ ጦሩ ሲነቀል ቍስሉን ማጠብ ያስፈልጋል። በፊልጵስዩስ የሆነውም ይኸው ነው፤ ከመዝሙሩ በኋላ ጠባቂው በዚያችው ሌሊት ቍስላቸውን አጠበላቸው። እውነተኛ መዝሙር ወደ ቍስሉ ይመልሰናል፤ ተስፋ የሌላቸው ሰዎች ሆነን ግን አይደለም።

ስለዚህ መዝሙራችን የተቀደሰ መሆኑን የምንለይበት መንገድ ይህ ነው፦ ከዘመርን በኋላ አጠገባችን ያለውን ሰው፥ በእጃችን ያለውን ሥራ፥ በፊታችን ያለውን ችግር ከቀድሞ ይልቅ አጥርተን ካየን መዝሙሩ ወደ ዛሬ መልሶናል። ከዘመርን በኋላ ሚስታችንና ልጆቻችን ከቀድሞ ይልቅ ከራቁን ግን መዝሙሩ ስካር ሆኖብናል።

6. በጉባኤና በቤት እንዴት እንዘምር?

በመጀመሪያ፥ ከመዝሙር በፊት ጥቂት ዝም እንበል። ለዚህ በገና መልካም መምህር ነው። በዐቢይ ጾም በየቤቱ የሚሰማው ባለ ዐሥር አውታሩ በገና በችኰላ አይመታም። በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባለው ቍራጭ ቆዳ ድምፁን እንደ ንብ ያስጮኸዋል፤ ያም ድምፅ እንዲሰማ ደርዳሪው ጊዜ ይሰጠዋል። እኛም ከአንዱ አንጓ ወደ ሌላው ስንሻገር ለቃሉ ጊዜ እንስጠው።

ሁለተኛ፥ ከራሳችን ድምፅ ይልቅ የጎረቤታችንን ድምፅ እናድምጥ። ጎረቤቱን የሚያደምጥ ሰው ወደ ትናንት መሄድ አይችልም፤ ጎረቤቱ የሚዘምረው አሁን ነውና። ድምፅ ማጉያውና ኪቦርዱ ጉባኤውን ለማገዝ እንጂ ጉባኤውን ዝም ለማሰኘት አይሁኑ።

ሦስተኛ፥ ስልካችንን በኪሳችን እናኑር። በዘመናችን ብዙ ሰው መዝሙር ሲዘመር ለነገ ሊያስቀምጠው በስልኩ ይቀርጻል፤ የቀረጸውንም ብዙ ጊዜ ተመልሶ አያየውም፤ ዛሬ የተሰጠውም አምልጦታል። ይህን ስንል ከጉባኤ ርቀው ያሉትን አንነቅፍም። በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው በስልክ የሚሰሙት መዝሙር ጉባኤያቸው ነው። እነርሱም ቢሆኑ ከመስማት ባሻገር በለሆሳስ አብረው ይዘምሩ።

አራተኛ፥ መዝሙርን በቃል እናጥና፥ ለልጆቻችንም እናስጠና። በዕድሜ ብዛት የልጆቻቸው ስም እንኳ የጠፋባቸው አረጋውያን በልጅነታቸው ያጠኑት መዝሙር ሲጀመርላቸው አብረው ሲዘምሩ በብዙ ቦታ ታይቷል። ትናንትም ነገም ለተወሰደበት ሰው መዝሙር አንዲት ዛሬ ትሰጠዋለች። እንዲህ ያሉትን ስንጠይቅ ከንግግር ይልቅ ዝማሬን እናብዛ።

አምስተኛ፥ ላዘነ ሰው የደስታ መዝሙር ብቻ አናዝዝለት። በዳዊት መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ እንጕርጕሮና ልቅሶም ተጽፏል። የዛሬው ቀን የለቅሶ ቀን ከሆነ፥ ዛሬን መቀበል ማለት በእግዚአብሔር ፊት ማልቀስ ነው። ለቅሶውም በዜማ ሲሆን ለብቻ የሚለቀስ መሆኑ ይቀራል።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. በአምልኮ ጊዜ ሐሳባችን ከሁሉ ይልቅ የሚሄደው ወደ ትናንት ነው ወይስ ወደ ነገ? ስለምን?

2ኛ. ጌታችን ወደ ጌቴሴማኒ ከመሄዱ በፊት መዘመሩ ስለ ዛሬው መከራችን ምን ያስተምረናል?

3ኛ. በፊልጵስዩስ ወህኒ ደጁ በተከፈተ ጊዜ ጳውሎስና ሲላስ ስለምን አልሸሹም? መዝሙራቸውስ ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት አለው?

4ኛ. ለመርሳት በመዘመርና ለመንቃት በመዘመር መካከል ያለው ልዩነት በቤታችን እንዴት ይታወቃል?

5ኛ. በማኅበራችን መዘመር ያቃተው ሰው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ሄደን በእርሱ ፈንታ ልንዘምርለት የምንችለውስ መቼ ነው?

ጸሎት

ቀኖችን ሁሉ በእጅህ የያዝህ አባት ሆይ፥ ትናንታችንን በልጅህ ደም እንደ ሸፈንህ፥ ነጋችንንም በትንሣኤው እንደ ጠበቅህ እናምናለን። ለዛሬ የሚበቃንን እንጀራ፥ ለዛሬ የሚበቃንን እስትንፋስ፥ ለዛሬም የሚሆነንን መዝሙር ስጠን። መዘመር ላቃታቸው እኛ እንድንዘምርላቸው፥ እኛንም ባቃተን ጊዜ ሌሎች እንዲዘምሩልን አድርግ። በኢየሱስ ክርስቶስ በጌታችን። አሜን።